የቆዩ ቀረጻዎቻችን ያለ ፕለጊን እንዲሰሙ፦ ለጋራ ሐሳባችን መነሻ

የድረ ገጽ ክፍል፦ ሰላም ለሁላችሁም። የማኅበራችን የድምፅ ገጽ ከተዘጋ ቤት አይሻልም። ማጫወቻው የተሠራው በፍላሽ ነው፤ ፍላሽ በብሮውዘር (በድረ ገጽ መክፈቻ) ላይ የሚጨመር ፕሮግራም፣ ማለትም ፕለጊን ነው። አዶቤ ደግሞ በ2020 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፍላሽን መደገፍ አቁሟል። አድማጭ የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው። እኔ የምለው፣ ፕለጊን ጭራሽ ይቅር። ብሮውዘሩ ራሱ ድምፅ ያጫውታል። የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) «ኦዲዮ» ታግ፣ ማለትም ትእዛዝ ላይ «ኮንትሮልስ» ከተጨመረ ማጫወቻው ይመጣል፤ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያም አይፈልግም።

የክምችት ክፍል፦ እስማማለሁ፤ ግን ታግ መቀየር ብቻውን አያዋጣም። ብዙዎቹ ቀረጻዎች ሪልኦዲዮ በሚባል የቆየ የድምፅ ዓይነት የተቀመጡ ፋይሎች ናቸው፤ ዛሬ ብሮውዘር አይከፍታቸውም። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የድምፅ መለወጫ ፕሮግራም ወደ ኤምፒ3 እንለውጣቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ራም» የሚል ቅጥያ ያለውን ፋይል በኖትፓድ ብትከፍቱት የምታገኙት የድምፁን አድራሻ ብቻ ነው። ድምፁ ያለው ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። የራሙን ፋይል ብቻ ገልብጦ «ተርፏል» ያለ ሰው ምንም አላተረፈም። አደራ፣ ዋናዎቹ ፋይሎችም አይሰረዙ። የታመቀ ድምፅ እንደገና ሲታመቅ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ነገም መነሻችን ዋናው ነው።

አንድ አባል፦ ኦፐስ የሚባለው የድምፅ ዓይነትስ? ለንግግር በትንሽ መጠን ጥሩ ይሰማል።

የክምችት ክፍል፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ግን በቆዩ ስልኮች ላይ አስተማማኙ ኤምፒ3 ነው። ለንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይበቃል፤ የአንድ ሰዓት ቀረጻ 29 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

ሌላ አባል፦ እንግዲያው የአድማጩን ዳታ እናስብለት። በታጉ ላይ «ፕሪሎድ» (አስቀድሞ ማውረድ) የሚለው «ነን» (ምንም) ይባል፤ ሰው ሳይጫነው ፋይሉ አይውረድ። በራሱ መጫወት የሚጀምር ነገርም አይኑር፤ ብሮውዘሮቹም ይከለክሉታል። ሰርቨሩንም (ፋይሎቹ ያሉበትን ኮምፒውተር) ፈትሹልኝ። የማጫወቻውን መስመር ወደ መሀል ስትጎትቱት እምቢ ካለ፣ ሰርቨሩ ፋይሉን በቁራጭ አይሰጥም ማለት ሊሆን ይችላል። ሳፋሪ (የአፕል ብሮውዘር) ላይ በቁራጭ መስጠቱ ከሌለ ጭራሽ ላይጫወት ይችላል።

የድረ ገጽ ክፍል፦ ሁሉንም ረቂቁ ውስጥ አስገብቻለሁ። የገጾቹ አድራሻ እንደነበረ ይቆያል፤ ሰዎች ያስቀመጡት ሊንክ መበላሸት የለበትም። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። እኔ መጀመሪያ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ቀረጻዎች ይለወጡ ባይ ነኝ።

የክምችት ክፍል፦ እኔም እንደዚያው። የእነሱን ዝርዝር አዘጋጅቼ ከረቂቁ ጋር አያይዘዋለሁ።