ገንዳዬን የሞላው ሐምራዊ አበባ እምቦጭ ይሆን እንዴ?

የቃሊቲዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ የማውቀው የጎመንና የጤና አዳም ነገር ነው። የውሃ ተክል ላይ ዜሮ ነኝ፤ ጥያቄዬ ቢያስቃችሁም ታገሡኝ።

ግቢያችን ውስጥ ባለቤቴ ያሠራው የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ነው። ለልጆቹ ብሎ 11 ቀረሶ አሳ ለቀቀበት። ገንዳው ባዶ ባዶ አለብኝና በጥር መጨረሻ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ 3 እግር የውሃ አበባ ገዛሁ። በፌስታል ከነውሃው ቋጥሮ ሰጠኝ። «ይሄ ምንም እንክብካቤ አይፈልግም፣ እናቴ» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ይኸው ግንቦት እያለቀ ነው። ውሃው አይታይም። ትናንት ልቆጥረው ሞክሬ 140 ላይ ስደርስ ሰለቸኝና ተውኩት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስወጣ አሶቹ በአንዲት ክፍት ጥግ ተሰብስበው አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ያዛጋሉ። በማግስቱ 7ቱ ሞተው ተንሳፈፉ። ትንሿ ልጄ አለቀሰች፤ እኔም ከጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

መልኩን ልንገራችሁ። ቅጠሉ ክብና አብረቅራቂ ነው። የቅጠሉ አንገት እንደ ሽንኩርት አብጧል፤ ሲጫኑት ስፖንጅ ነው። ሥሩ ጥቁር ሆኖ እንደ ፀጉር ይንዠረገጋል። አበባው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ሲሆን፣ ላይኛው የአበባ ቅጠል ላይ ቢጫ ነጥብ አለች። ሲያዩት ያምራል። ግን ቴሌቪዥን ላይ ጣና ሐይቅን ሲያሳዩ ያየሁትን አረም፣ እምቦጭን፣ መሰለኝና እንቅልፍ አጣሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ «ምን አስጨነቀሽ፣ ከግቢው ጀርባ ቦዩ ላይ ጣዪው፤ ዝናብ ሲመጣ ወንዙ ይወስደዋል» አሉኝ። እምቦጭ ነው ወይስ አይደለም? ከሆነስ ምን ላድርገው?

—

የደምቢያ ልጅ፦

እህቴ፣ ቦዩ ላይ እንዳትጥይው። ሌላውን በኋላ እናወራለን፤ መጀመሪያ ይቺን ያዢልኝ።

እሱ ነው። ያንን ሽንኩርት የመሰለ አንገት በዕንቅልፌም አውቀዋለሁ። ያደግኩት ጣና ዳር፣ ደምቢያ ነው። ወደ 2004 ዓ.ም. ገደማ መጀመሪያ ሲመጣ እኛም እንዳንቺ አበባውን ወደድነው። ልጆች ቀጥፈው ይጫወቱበት ነበር። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እንጂ «ጉድ ፈላ» ያለ አልነበረም።

ከዚያ አባቴ መረቡን ሲስብ ከአሳው ይልቅ ቅጠሉ ይበዛ ጀመር። መረብ ይቀዳደዳል። የጀልባው ሞተር ይጠመዝዘውና ቀጥ ይላል፤ ወርደህ በእጅህ ትፈታለህ። በደንገል ታንኳ የሚሄደው ደግሞ ጭራሽ መንገድ የለውም። ከብቶቹ ይበሉታል፣ ግን ውሃ ነው እንጂ መኖ አይደለም፤ ሆዳቸው ይነፋል፣ ጎናቸው ይከሳል። በኛ በኩል ሐይቁ ሲሸሽ የሚዘራበት መሬት አለ። ውሃው ሲሸሽ እምቦጩ ግን አይሸሽም፤ መሬቱ ላይ ተኝቶ ይጠብቅሃል። ጓያ ልትዘራ ሄደህ እምቦጭ ስትለቅም ትውላለህ።

የነቀላውን ነገርማ ተዪው። አገር ምድሩ ወጥቶ፣ ካህን ገበሬ ሳይባል፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቀለ። እኔም ነቅያለሁ። አልቅት እግርህን ይይዝሃል፣ ቆዳህ ያሳክክሃል። ማታ ክምሩን አይተህ ደስ ብሎህ ትገባለህ። ጠዋት ንፋስ ከወዲያ ማዶ አዲስ ምንጣፍ ገፍቶ አምጥቶልህ ታገኛለህ። ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ሳይቀሩ ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ላኩ። ያም ሆኖ ዛሬም አለ።

አንድ ያልገባኝ ግን፣ ይሄ ነገር ሸቀጥ ሆኖ ይሸጣል?

—

ቆጣቢው፦

ኧረ አታካብዱ! እምቦጭ እኮ ጥቅም አለው። ውሃ ያጣራል። ኮምፖስት ይሆናል። ባዮጋዝ ይወጣዋል። ሌላ አገር ቅርጫትና ወንበር ይሠሩበታል። እህቴ፣ ግማሹን አውጪና ግማሹን ተዪው፤ ለአሶቹም ጥላ ይሆናል።

—

የውሃ መምህር፦

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁትም በሐይቅ ውሃ ላይ ነበር። ትንሽ ረዘም ይላል።

በመጀመሪያ አሶቹ ለምን ሞቱ? አሶቹ ጠዋት ላይ ሲያዛጉ ማየትሽ ዋናውን ነገር ይናገራል። ምንጣፉ ብርሃን ሲጋርድ ውሃ ውስጥ ያለው ዋቅላሚ (ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ነገር) ኦክስጅን መሥራት ያቆማል። የውሃው ፊት ስለተሸፈነም ከአየሩ የሚገባው ይቀንሳል። እየሞተ ወደ ታች የሚወርደው ቅጠል ደግሞ ሲበሰብስ የቀረውን ይጨርሳል። ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያደረው ሁሉ ተካፍሎት፣ ሊነጋጋ ሲል ምንም አይተርፍም። የቆጣቢው «ጥላ» ይሄ ነው።

አሁን 6 ካሬ ሜትሩን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አስፊው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ነው። እምቦጩ የሚወደው ደግሞ ዳር ዳሩን፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ እንደ መገጭ ያሉ ወንዞች የሚገቡበትን ነው። ቀረሶ የሚራባው እዚያው ዳር ላይ ነው። ነጭ አሳ የምንለው ደግሞ አንድ አሳ አይደለም፤ ጣና ውስጥ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች አሉት፣ አብዛኞቹም በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። ጥቂት የማይባሉት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ማለፍ አለባቸው ማለት ነው። የቃሊቲ ቀረሶ ቢሞት ሌላ ቀረሶ ይገዛል። እነዚያ ከጠፉ የሚተካቸው የለም።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ተክል ነው። ዓለምን ያዞረው ውሃ አይደለም፤ እንዳንቺ አበባው ያማረው ሰው ነው። አትቀየሚኝ። አገራችን ውስጥ መኖሩ የተመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃ ግድብና አዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከቦይሽ የሚወርደው ውሃ ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽና ቆቃ ይሄዳል። የጋሼ ምክር መድረሻው እዚያ ነው።

ለቆጣቢው፦ ውሃ ያጣራል ማለትህ ትክክል ነው። ከባድ ብረቶችን ሳይቀር በሥሩ ይስባል። ችግሩ የሳበውን ይዞት መቀመጡ ነው። ከቆሸሸ ወንዝ የወጣን እምቦጭ ለከብት መስጠት ወይም ለጎመን ኮምፖስት ማድረግ ቆሻሻውን ወደ ማዕድ መመለስ ነው። ደግሞ በምቹ ጊዜ ከ2 ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ግማሹን የተወ ሰው ሁሉንም እንደተወ ይቁጠረው።

«ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በነፍሳት አጠፉት» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። የነቀዝ ዘመድ የሆነች ጥንዚዛ ናት፤ እሷ ቅጠሉን ትፍቃለች፣ ትሏ አንገቱን ትቦረቡራለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተለቃ በአሥርቱ መጨረሻ አካባቢ አረሙ በጣም ቀንሶ ነበር። ግን ኬንያ በኩል፣ ኪሱሙ ዳር፣ እየተመላለሰ አስቸግሯል። የፍሳሽና የማዳበሪያ ቀለቡን እስካልቆረጥንበት ድረስ ይመለሳል።

ላንቺ ግን እጅ ይበቃሻል። ከነሥሩ አውጪው፤ የተቆረጠ ቁራጭ ውሃው ላይ አይቅር። ከቦዩ ርቆ ሲሚንቶ ላይ ስጪው። እንደ ድርቆሽ እስኪንኮሻኮሽ ይድረቅ፤ ከዚያ አቃጥዪው። አብቧል ስላልሽ ዘር ወደ ታች ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የገንዳውን ውሃ ወደ ቦይ ሳይሆን ደረቅ መሬት ላይ አፍስሺ፣ ጭቃውንም ጠርገሽ አድርቂው። ክረምቱ ሳይገባ ፍጠኚ፤ ገንዳው ሞልቶ ከፈሰሰ አበቃ። መድኃኒት ምናምን እንዳትረጪ።

—

የቃሊቲዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። መምህር፣ አልተቀየምኩም፤ ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቤተሰቡ ሲነቅል ዋለ። 4ቱ አሶች በርሚል ውስጥ ናቸው፣ በሕይወት አሉ። እርጥቡ 5 ጆንያ ሞላ። ሲደርቅ አንድ ጆንያም አልሆነ፤ ባለቤቴ «ውሃ ነው ለካ ስናሳድግ የከረምነው» አለ። ጭቃውን ልጆቹ በአካፋ ጠረጉት። ጋሼም መጥተው ሲያዩ ቆዩና አካፋውን ተቀብለው አገዙን። ስለ ቦዩ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ዛሬ ወደ ሻጩ ሄድኩ። ባልዲው ውስጥ ሌላ 20 የሚሆን አለው። ለሌላ ሰው ከሚሸጠው ብዬ ሁሉንም ገዛሁት፤ አሁን ከበረንዳው ላይ እየደረቀ ነው። ሻጩ ደስ ብሎት «ቅዳሜ ሌላ አመጣልሻለሁ» አለኝ።

—

የደምቢያ ልጅ፦

ወይ ጉድ! ገበያ ከፈትሽለት እኮ! ለመሆኑ ከየት ነው የሚያመጣው?

—

የቃሊቲዋ፦

ጠየቅኩት። «ከአባ ሳሙኤል፤ እዚያ በነፃ ነው» አለኝ።