«ጥቁር እንጨት» ከኮሶ ጋር ምን ያዛምደዋል?

ጥያቄ፦ ጎጃም ያሉት አያቴ ደብሩ አጥር ውስጥ ያለውን ትልቅ ዛፍ «ጥቁር እንጨት» ይሉታል። እኔ ዞጲ (እንጨቱ ራሱ ጥቁር የሆነው ዛፍ) መስሎኝ ነበር። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ዞጲ ሌላ ነው። ጥቁር እንጨት ፕሩኑስ አፍሪካና የሚባለው ዛፍ ነው። ሻካራና የጠቆረ ቅርፊቱን ያየ ሰው ስሙ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ድሮ ሳይንሱ ፒጌዩም ብሎ ለብቻው መድቦት ነበር። በ1965 (እ.ኤ.አ.) ወደ ፕሩኑስ ተዛወረ፤ ኮክና ፕሪም ያሉበት ወገን ማለት ነው። ቅጠሉን አሽተህ አሽትተው፣ ይገባሃል።

የሚገርመው ኮሶም ዘመዱ ነው። ሁለቱም የጽጌረዳ አስተኔ ናቸው። (መጻሕፍቱ ቤተሰቡን «አስተኔ»፣ ከሥሩ ያለውን «ወገን» ይሉታል። ቃሎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ሰው ግን አይጠቀምባቸውም።) ልዩነቱ፣ ኮሶ በወገኑ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ወንድም እህት የለውም። በ1770 (እ.ኤ.አ.) ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ዛፉን በወዳጁ በዕፅዋት ተመራማሪው በባንክስ ስም ጠራው። ስሙ ግን ቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ነበርና በ1791 (እ.ኤ.አ.) «ሃጌኒያ» ተባለ፣ በአንድ ጀርመናዊ ምሁር ስም። ኮሶን የጠየቀው የለም!

ሌላ ሰው፦ እኛ ጋ ኮሶ የሆድ ትሉ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ትሉም፣ መድኃኒቱም፣ ዛፉም ነው። የሚለየው ግሡ ነው። «ኮሶ አለብኝ» ካለ ትሉ፣ «ኮሶ ጠጣሁ» ካለ አበባው፣ «ኮሶ ቆረጥኩ» ካለ ዛፉ። «ፊቱ ኮሶ የጠጣ ይመስላል» የምንለውም ከመራራነቱ ነው።

ሁለቱ ዛፎች የሚያልቁበት ምክንያትም ይለያያል። ጥቁር እንጨትን የጎዳው ቅርፊቱ ነው፤ ለፕሮስቴት መድኃኒት ተልጦ ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ኮሶን የጨረሰው ጣውላው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከዝግባ፣ ከዋንዛና ከጥድ ጋር እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ዛሬ ኮሶ ማየት የፈለገ ጮቄ ተራራ ይውጣ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ለአያቴ ጥቁር እንጨትና ኮክ ዘመዳሞች ናቸው ብላቸው፣ «ታዲያ ፍሬው ምን አመረረው?» አሉኝ።