ሴራሚኩ ብረቱን አልይዝ አለ፣ መፍትሄ ያላችሁ?

ሰላም ወገን፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ለክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ ማሽን) መዶሻ የአሉሚና (ጠንካራ ሴራሚክ) ጠጠር ሞልድ ውስጥ አድርገን የቀለጠ ሃይ ክሮም (ክሮሚየም የበዛበት) ብረት እናፈስበታለን፣ ስንሰብረው ግን ጠጠሩ ነጭ እንደሆነ ወልቆ ይወጣል፣ ጉድጓዱ ብቻ ይቀራል። ሙቀት ብንጨምርም ያው ነው።

— አብሽር ወንድሜ። ነጭ ሆኖ ከወጣ ብረቱ ጭራሽ አላረጠበውም፣ የቀለጠ ብረት አሉሚና ላይ ይድበለበላል እንጂ አይዘረጋም። ጠጠሩን ኒኬል ወይም ቲታኒየም አስለብጠው፣ ቲታኒየም ኦክስጅን ስለሚወድ ድንበሩ ላይ ስስ ንብርብር ይሰራል፣ የሚይዘው እሱ ነው።

— ልክ ነው፣ ግን ዚርኮኒያ (ሌላ ዓይነት ሴራሚክ) የተቀላቀለበት አሉሚና ይሻላል። ሲሞቅ የሚለጠጥበት መጠን ለብረቱ ስለሚቀርብ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይቀንሳል፣ ደሞም ቶሎ አይሰበርም። ጠጠሩን ዝም ብለህ አትበትነው በሶዲየም ሲሊኬት (ፈሳሽ ማጣበቂያ) አጣብቀህ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ አድርገው፣ በደንብ አድርቀህ አሙቀው ከዛ አፍስስ፣ እርጥበት ካለው ጋዙ ብረቱን አረፋ ያደርግብሃል።

— ልባጩን እዚህም ደሴም የሚሰራ አጣሁ፣ ሌላ መላ የለም?

— አለ፣ የቲታኒየምና የካርቦን ዱቄት ደባልቀህ ጠቅጥቀህ ሞልዱ ውስጥ አስቀምጥ፣ ብረቱ ሲነካው ራሱ ተቀጣጥሎ ቲታኒየም ካርባይድ (ጠንካራ ሴራሚክ) እዛው ይፈጠራል፣ እሱን ደሞ ብረት በደንብ ያረጥበዋል። ጥቂት የብረት ዱቄት ጨምርበት አለዚያ ሪአክሽኑ በጣም ይበረታል። የቲታኒየም ዱቄት ግን በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ በውሃ ለማጥፋት እንዳትሞክሩ፣ ደረቅ አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር።