ኬሚካሉ «ተገኘ» ከማለት ወደ «ይጎዳል» ለመድረስ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ጀማሪ አንባቢ፦

የመጀመሪያ ዲግሪዬ በኬሚስትሪ ሲሆን፣ በቅርቡ የአካባቢ ብክለትንና ጤናን የሚያገናኙ የምርምር ጽሑፎችን ማንበብ ጀምሬአለሁ። ደጋግሞ የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር አለ። ተመራማሪዎች በወንዝ ውኃ ወይም በሰው ደም ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር በሊትር ጥቂት ናኖግራም ያህል መገኘቱን ይገልጻሉ፤ ጉዳዩ ወደ ሕዝብ ጆሮ ሲደርስ ግን «መርዝ ተገኘ» ይባላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ከተፈቀደው ገደብ በታች ነው» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። ገደቡ ራሱ በየጊዜው ሲቀንስ ስለማይ ሁለተኛውም መልስ አያረካኝም። መገኘቱን ከጉዳት ጋር የሚያያይዘው ማስረጃ ምን ዓይነት ነው? ገደብስ በምን ላይ ተመሥርቶ ይወጣል?

ብልቃጥ፦

ሥራዬ የኬሚካል ትንታኔ ስለሆነ «ተገኘ» በሚለው ላይ ብቻ ልመልስልዎ። በሊትር አንድ ናኖግራም ማለት በክብደት ከትሪሊዮን አንድ እጅ ነው። መሣሪያዎቻችን ይህን ያህል ጥቂት ነገር ለመለካት መቻላቸው የመሣሪያዎቹን አቅም እንጂ የንጥረ ነገሩን ጎጂነት አያሳይም። ከዚያም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ የተለካው ነገር በእርግጥ ከናሙናው የመጣ ነው ወይስ ከቤተ ሙከራው የሚለው ነው።

አሜሪካዊው የጂኦኬሚስትሪ ተመራማሪ ክሌር ፓተርሰን በሜትዮራይት (ከሕዋ በወደቀ ድንጋይ) ውስጥ ያለውን እርሳስ የተባለ ብረት ለክቶ የምድር ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ከማስላቱ በፊት ለዓመታት የተቸገረው በዚህ ነበር። ከአየሩ፣ ከመስታወት ዕቃው፣ ከአሲዱና ከሠራተኞቹ ልብስ የሚገባው እርሳስ ልኬቱን ያበላሽበት ስለነበር፣ እጅግ የጸዳ ክፍል ለመሥራት ተገደደ። ያ ሁሉ እርሳስ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄም አልተወውም፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኢንዱስትሪ አገሮች በሚኖሩ ሰዎች አካል ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሯዊው መጠን በ100 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ተከራከረ። እስከዚያ ድረስ «የተለመደ ነው» ይባል የነበረው መጠን ራሱ ብክለት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ጽሑፍ ሲያነቡ ድምዳሜውን ከማየትዎ በፊት ስለ ባዶ ናሙናዎች (የሚፈለገው ንጥረ ነገር ሳይኖርባቸው አብረው ስለሚለኩ ናሙናዎች) እና ስለ መሣሪያው የመለየት ዝቅተኛ ወሰን የተጻፈውን ይፈልጉ። ይህ ከሌለው እኔ ወደ ቀጣዩ ገጽ አልሄድም።

ሚዛን፦

የቶክሲኮሎጂ (የመርዛማ ነገሮች ጥናት) ባለሙያ ነኝ። በብዙ ንጥረ ነገሮች ላይ ገደብ የሚወጣው እንዲህ ነው፦ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ጉዳት ያልታየበት ከፍተኛው መጠን ይወሰድና፣ ሰው ከእንስሳው ይልቅ በቀላሉ የሚጎዳ ሊሆን ስለሚችል በ10፣ ሰዎችም እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ እንደገና በ10 ይካፈላል። ስለዚህ ገደቡን በጥቂቱ ማለፍ ወዲያው ሕመም ያመጣል ማለት አይደለም። ነገር ግን ስሌቱ፣ ከዚያ በታች ጉዳት የማይኖርበት ወለል አለ ብሎ የሚነሣ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሁለት ጉዳዮችንም መለየት ያስፈልጋል፤ አንድ ነገር ጉዳት የማድረስ ባሕርይ ያለው መሆኑ አንድ ነው፣ በሚደርስብን መጠን በእርግጥ ይጎዳናል ወይ የሚለው ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋን ከትምባሆ ጋር በአንድ ምድብ ሲያስቀምጥ፣ ካንሰር እንደሚያመጣ ያለው ማስረጃ የጠነከረ መሆኑን መመስከሩ እንጂ ሁለቱ እኩል አደገኛ ናቸው ማለቱ አልነበረም። ብዙ ሰው ግን እንደዚያ አድርጎ ተረጎመው፤ ለዚህ አንባቢውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፣ ምድቡን ያስተዋወቅንበት መንገድ ለስሕተት የተመቸ ነበርና።

ደለል፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን አንድ የተዘለለ ጥያቄ አለኝ። የተገኘው ነገር በየትኛው ኬሚካላዊ መልክ ነው ያለው? በሜርኩሪ ረገድ ጠቅላላ መጠኑን ብቻ የሚነግረን ጽሑፍ ብዙም አልነገረንም። ፈሳሹ ሜርኩሪ ቢዋጥ ወደ ደም የሚገባው ኢምንት ነው፤ ተኑ ቢተነፈስ ግን አብዛኛው በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ከካርቦን ጋር የተጣመረው መልክ፣ ሜቲል ሜርኩሪ፣ ደግሞ በምግብ ከተወሰደ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሰውነት ይገባል፣ ወደ አንጎልና ወደ ፅንስም ይደርሳል።

በጃፓን ሚናማታ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው በሽታ መነሻው ይኸው ሜቲል ሜርኩሪ ነበር፤ በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ የአሴታልዲሃይድ ምርት ሂደት ተፈጥሮ ወደ ባሕር የሚለቀቅ ነበር። ፋብሪካ በሌለበትም ቢሆን በረግረግና በሐይቅ ደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ተራውን ሜርኩሪ ወደዚህ መልክ ይለውጡታል። ከዚያ ከአልጌ ወደ ትናንሽ እንስሳት፣ ከእነርሱ ወደ ትናንሽ ዓሣ፣ በመጨረሻም ወደ ትላልቅ ዓሣ በላ ዓሦች እየተላለፈ ስለሚከማች፣ በእነዚህ ውስጥ ያለው መጠን በውኃው ውስጥ ካለው በሚሊዮን እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ውኃውን ለክቶ «ከገደብ በታች ነው» የሚል ሰው ስለ ውኃው እውነቱን ተናግሯል፤ ዓሣውን ለሚበላው ግን መልስ አልሰጠም።

ጀማሪ አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አቶ ሚዛን፣ «ወለል አለ ብሎ የሚነሣ» ያሉት ላይ ጥያቄ አለኝ። ወለሉ ባይኖርስ?

ሚዛን፦

እርሳስ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኸርበርት ኒድልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት የሕፃናትን የወለቁ የወተት ጥርሶች ሰብስበው መርምረዋል፤ ጥርሳቸው ብዙ እርሳስ የያዘ ልጆች ምንም የመመረዝ ምልክት ሳይታይባቸው በአእምሮ ፈተናዎች ዝቅተኛ ውጤት ነበራቸው። ጥርስን መምረጡ ብልህነት ነበር፤ ደም በቅርቡ የገባውን እርሳስ ሲያሳይ፣ ጥርስ ግን የዓመታቱን ያከማቻል። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ጉዳት የሌለበትን መጠን ፍለጋ ወደ ታች ሲወርዱ እስካሁን አላገኙትም፤ እንዲያውም በዝቅተኛ መጠን ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ማይክሮግራም የሚያስከትለው ጉዳት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

በአሜሪካ በሕፃናት ደም ውስጥ ያለ እርሳስ እንደ ከፍተኛ የሚቆጠርበት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዴሲሊትር 60 ማይክሮግራም ነበር፤ በ1991 ወደ 10፣ በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ወደ 3.5 ወርዷል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከሕዝብ ስርጭት የወጡ ስለሆኑ ከቀደሙት የተለዩ ናቸው። 3.5 የተገኘው ከ1 እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል ከፍተኛ እርሳስ ያለባቸውን 2.5 በመቶ ለመለየት በተደረገ ስሌት ነው። ስለዚህ 3.4 የተለካበት ልጅ ከብዙዎቹ እኩዮቹ አሁንም ይበልጣል እንጂ ከጉዳት ነጻ መሆኑ አልተረጋገጠም። «ከገደብ በታች» የሚል ነገር ሲያነቡ ገደቡ ከእንስሳት ሙከራ ተካፍሎ የወጣ ነው፣ ከሕዝብ ስርጭት የተቆረጠ ነው፣ ወይስ መሣሪያው ሊለካ የቻለው ዝቅተኛው መጠን ነው ብለው ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ይህን የሚገልጸው በሠንጠረዡ ግርጌ ስለሆነ እዚያ መፈለግዎን አይርሱ።