የዘይት ማጠራቀሚያ ጣሳ ከገጠምኩ በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፤ ምን ልፈትሽ?

ቤንዚንን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ፣ ቱርቦ ያለው ሞተር አለኝ። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ቤንዚኑ የማስገቢያ ቫልቮቹን ጀርባ ስለማያጥብ፣ ከፒስተን ፋሻ አምልጦ ወደ ክራንክኬዝ (ክራንክሻፍቱ ወዳለበት የሞተሩ የታችኛው ክፍል) የሚወርደው ጋዝ ይዞት የሚመለሰው የዘይት ጉም እዚያው ደርቆ ካርቦን ይሆናል፤ ይህን ለመቀነስ ከፒሲቪ ቫልቩ (ይህን ጋዝ ከክራንክኬዝ ከሚያስወጣው ቫልቭ) ወደ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ቱቦ) በሚሄደው መስመር ላይ የዘይት ጉሙን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ጣሳ ገጠምኩ። ከቴስታታው ክዳን ተነሥቶ ከቱርቦው በፊት ካለው የአየር ቱቦ ጋር የሚገናኘውን ሁለተኛውን መስመር ግን አልነካሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ከጣሳው አካባቢም ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ወደ ማኒፎልድ የሚገባውን ቱቦ በፒንሳ ቆንጥጬ ስዘጋው ሁለቱም ወዲያው ይጠፋሉ። ሳይለካ የሚገባ አየር አለ ብዬ ፋሸታዎቹን በሙሉ ደግሜ ባጠብቅም ለውጥ አላየሁም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን፣ ቱርቦው በሙሉ ኃይል ሲሠራ ቆይቶ ሞተሩን ሳጠፋ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተገፍቶ ማግኘቴ ነው። የፋብሪካው ቱቦ ውስጣዊ ስፋት 19 ሚሊሜትር ሲሆን ከጣሳው ጋር የመጣው 10 ብቻ ነው፤ ይህን ያስተዋልኩት ከገጠምኩ በኋላ መሆኑን ስናገር አፍራለሁ።

የፉጨቱ ምንጭ የጣሳው ክዳን ጎማ ሊሆን ይችላል? የማኒፎልዱ ግፊትስ በጣሳው በኩል ወደ ክራንክኬዝ እየተመለሰ ከሆነ፣ በመካከላቸው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ መጨመር ይበቃል ወይስ ቱቦዎቹንም በሰፊ መቀየር ይኖርብኛል? የክራንክሻፍቱ የዘይት ማኅተም ማፍሰስ ከመጀመሩ በፊት የክራንክኬዙን ግፊት በየት በኩል ብለካው እንደሚሻል የሞከራችሁት ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።