በቤት ውስጥ በስፕሬይ የቀባሁት የሞተርሳይክል ፍሬም ቀለሙ ለምን ተጨማደደ?

ጥያቄ፦
የቆየ ሞተርሳይክሌን ፈታትቼ የብረት ፍሬሙን በራሴ ለመቀባት ተነሣሁ። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ ብሩሽ አንሥቼ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ፣ ግራጫ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም ሥር የሚቀባ መነሻ ቀለም) ካስቀደምሁ በኋላ ጥቁር የኢናሜል ስፕሬይ ቀባሁት። የመጀመሪያው እጅ ያማረ ነበር፤ ሆኖም ማታ በቀባሁት ላይ በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛ እጅ ስደርብበት ቀለሙ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ዘቢብ ተጨማደደ። በተጨማሪም ሞተሩ በሚታሰርበት አካባቢ ቀለሙ እየሸሸ ትንንሽ ክብ ባዶ ቦታዎች ታይተዋል። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው? ሁሉንም እንደገና መፋቅ ይኖርብኛል?

መልስ 1 (በተሽከርካሪ ቀለም ሥራ ከሚተዳደር)፦
እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው፤ መንሥኤያቸውም አንድ አይደለም። መጨማደዱን ያመጣው ሁለተኛውን እጅ የደረቡበት ሰዓት ነው። የኢናሜል ቀለም መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተንና፣ ቀጥሎ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። በዚህ መካከል ላዩ ሲዳሰስ ደረቅ የሚመስልበት፣ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ የሆነበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የአዲሱ እጅ ማቅጠኛ ወደ ታች ሰርጎ የቀደመውን ስለሚያሳብጠው ላዩ ይጨማደዳል። በብዙ ጣሳዎች ላይ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲደረብ፣ ያ ካለፈ ግን 24 ወይም 48 ሰዓት እንዲጠበቅ የሚያሳስብ ጽሑፍ የሚገኘው ለዚሁ ነው። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ እኔም በጀማሪነቴ አላነበብሁትም ነበር። የእርስዎን ጣሳ ጊዜ ያረጋግጡ፤ ከአምራች አምራች ይለያያልና።

ክብ ባዶ ቦታዎቹ የዘይት ወይም የሲሊኮን ቅሪት ምልክት ናቸው። ቅባት ሳይጸዳ ብርጭቆ ወረቀት ካረፈበት ቅባቱ ወደ ጭረቶቹ ይገባል፤ ደረቅ ጨርቅም አቧራን እንጂ ቅባትን አያነሣም። ስለዚህ ከመፈግፈግ በፊትም በኋላም በቅባት ማጽጃ ያብሱት፤ ማጽጃው ሳይደርቅ ደግሞ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ያንሡት፤ በዚያው ጨርቅ መመላለስ ቅባቱን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው።

መልስ 2፦
ሁሉንም መፋቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የተጨማደደውን ክፍል አሁኑኑ ቢነኩት ለስላሳው ቀለም ብርጭቆ ወረቀቱን ስለሚደፍነው፣ አንድ ሳምንት ያህል ይተዉትና ከዚያ ይፈግፍጉት። ባዶ ቦታዎች የታዩበትን ግን እስከ ብረቱ ያውርዱት። ለሻካራው ሥራ በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል) ቢጀምሩም በቁጥር 180 እና በቁጥር 320 እያለሰለሱ ይሂዱ፤ ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ ደግሞ በቁጥር 400 ወይም 600 በስሱ ይዳብሱት፤ አለዚያ ጥቁር ቀለም ጭረቱን ሁሉ ያጋልጣል።

መልስ 3፦
በዚህ ከቀደመው መልስ ጋር አልስማማም። ማጽዳቱ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ከሆነ፣ ዛሬ ደህና የሚመስለው ክፍልም ቆይቶ እየተላጠ ሊነሣ ይችላል፤ እኔ ብሆን በቀለም ማስለቀቂያ ሙሉውን አውርጄ እንደ አዲስ እጀምር ነበር። ብረቱ ሲራቆት ብየዳዎቹን አንድ በአንድ መመርመርም ይቻላል። ስንጥቅ ከተገኘ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው እንጂ በስቱኮ ሸፍኖ መቀባት ለሕይወት አደገኛ ነው።

ከመቀባትዎ በፊት የመሪው ኩሽኔታዎች የሚቀመጡባቸውን ቦታዎች፣ የቡሎን ጥርሶችንና የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ከፍሬሙ ጋር የሚታሰርበትን ነጥብ በፕላስተር ይሸፍኑ። የሻንሲ ቁጥሩ በወፍራም ቀለም ተደፍኖ እንዳይጠፋ በጣም ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ሲፈግፍጉም አይሞርዱት። ፍሬሙን በሽቦ አንጠልጥለው መጀመሪያ ማዕዘኖቹንና ብየዳዎቹን፣ በመጨረሻ ረጃጅሞቹን ቱቦዎች ይርጩ። ጣሳውን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቀው፣ እጅዎ ከቱቦው ጫፍ አልፎ እስኪሄድ ሳይቆም፣ በስሱ ደጋግመው ይቀቡ። ቱቦ ክብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ለመሸፈን የቸኮለ ሰው ቀለሙን ከሥር ያንጠባጥበዋል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሙሉውን ለማውረድ ወስኛለሁ። ቤንዚን ሲፈስበት እንዳይላጥ በማጠንከሪያ የሚደባለቀውን ባለሁለት ክፍል ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን) በላዩ ብነፋበትስ?

መልስ 1፦
ቤንዚንን በመቋቋም ረገድ ከተራው ስፕሬይ እጅግ ይሻላል፤ ነገር ግን ማጠንከሪያው አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት የተባለ ንጥረ ነገር ይይዛል። ይህ ሲተነፈስ ዘላቂ የአስም ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ የአቧራ ጭንብልም ፈጽሞ አይከላከለውም። ቀለም ቤቶች ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበል ጭንብል የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ያ ከሌለዎት ክሊሩን ብቻ ለባለሙያ ይስጡ። ከኢናሜሉ ጋር የማይስማማ ክሊር እንደገና ሊያጨማድደው ስለሚችል፣ አስቀድመው በቁራጭ ብረት ላይ ይሞክሩት።

ተራውንም ቢሆን የሚረጩት አየር እንደ ልብ በሚዘዋወርበት፣ እሳትና የኤሌክትሪክ ብልጭታ በሌለበት ቦታ ይሁን፤ የጣሳው ጋዝ ተቀጣጣይ ነውና። ለማቅጠኛው ትነትም ባለካርትሪጅ (ትነት የሚያጣራ ማጣሪያ ያለው) ጭንብል ያድርጉ። ከጨረሱ በኋላ ሞተሩን ለመግጠም አይቸኩሉ፤ ኢናሜል በደንብ እስኪጠነክር ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። ቡሎን በሚጠብቅበት ቦታ ቀለሙ ገና ለስላሳ ከሆነ ተጨፍልቆ ይነሣና፣ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል።