የእንቁላል ሚቶኮንድሪያ ቢደክም የባል ዘር ሊያካክሰው አይችልም?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 39 ነው። በቅርቡ እንቁላሌ ከባለቤቴ ዘር ጋር በላብራቶሪ ተዳቅሎ ከተገኙት አራት ፅንሶች አንዱም ከሦስተኛው ቀን አላለፈም። የመጨረሻውን በስክሪን አሳይተውኛል፤ ስምንት ሴሎች ነበሩት፣ ከዚያ ወዲያ አልተከፈለም። ምናልባት የእንቁላሌ ሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ጥቃቅን ክፍል፣ ደክሞ ይሆናል ተባልኩ። የባለቤቴም ዘር ሚቶኮንድሪያ ካለው፣ የእኔን ጉድለት ስለምን አይሞላም?

የሥነ ሕይወት መምህር
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የወንዱ ዘር ጅራቱ በሚጀምርበት ቦታ ላይ እንደ ጥምጥም የተጠቀለሉ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሚቶኮንድሪያ አሉት፤ ሥራቸው ግን እርሱን እስከ እንቁላሉ ማድረስ ነው። ከገቡ በኋላ እንቁላሉ ለይቶ ያጠፋቸዋል። ልጅ ሚቶኮንድሪያን ከእናቱ ብቻ የሚወርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሚቶኮንድሪያ የራሳቸው ዲኤንኤ (የዘር መመሪያ) አላቸው፤ የደረሰ እንቁላል ከ100,000 በላይ የዚህን ዲኤንኤ ቅጂ ይይዛል፤ ፅንሱም በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ብላስቶሲስት (በማህፀን ለመጣበቅ የሚዘጋጅ፣ ውስጡ ፈሳሽ የያዘ የሴሎች ኳስ) እስኪሆን ድረስ ይህን ዲኤንኤ እምብዛም አያባዛም። ስለዚህ በስክሪኑ ያዩት እያንዳንዱ ሴል እናቱ ከሰነቀችለት ስንቅ አንድ ስምንተኛ ያህሉን ብቻ ይዞ ነበር ማለት ነው።

የፅንስ ላብራቶሪ ባለሙያ
መምህሩ ያሉት ትክክል ነው፤ ሆኖም ፅንስ በሦስተኛው ቀን ስለቆመ ብቻ ጥፋቱን በሚቶኮንድሪያ ላይ መደምደም አይገባም። ፅንሱ ከእናቱ መመሪያ ወጥቶ የራሱን ጂኖች በስፋት ማሠራት የሚጀምረው ከአራት እስከ ስምንት ሴል ባለው ደረጃ በመሆኑ፣ የአባትየውም ዘር ችግር በዚያው ሰዓት ሊገለጥ ይችላል። ከ35 ዓመት በኋላ እየበዛ የሚሄደው ደግሞ የክሮሞዞም (ጂኖችን የሚሸከሙት ክሮች) ቁጥር መዛባት ነው። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ፤ ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሞችን ወደየወገናቸው የሚስቡት ሌሎች ክሮች ከሚቶኮንድሪያ የሚገኘው ኃይል ከሌለ አይሠሩምና።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። ሚቶኮንድሪያን ኃይል በማመንጨት ያግዛል የሚባለውን ኮኢንዛይም ኪው 10 የተባለ እንክብል ልውሰድ? የሌላ ሴት ሚቶኮንድሪያ መውሰድም ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ።

የፅንስ ላብራቶሪ ባለሙያ
እንክብሉ ያረጁ አይጦችን እንቁላል አሻሽሏል፤ በሰው ላይ ግን ልጅ የመውለድ ዕድልን እንደሚጨምር በአስተማማኝ ሁኔታ አልተረጋገጠም፤ ሳያማክሩ አይጀምሩ። ከለጋሽ እንቁላል ሚቶኮንድሪያ ያለበት ጥቂት ፈሳሽ በቀጭን የመስታወት መርፌ ወስዶ መጨመር በአሜሪካ በ1990ዎቹ ተሞክሮ ልጆች ተወልደዋል፤ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2001 አስቆመው። ብሪታንያ በ2015 በሕግ የፈቀደችውና በ2025 ስምንት ልጆች መወለዳቸው የተገለጸበት ዘዴ ደግሞ ከባድ የሚቶኮንድሪያ በሽታን ወደ ልጅ ላለማስተላለፍ እንጂ በዕድሜ ለደከመ እንቁላል የታሰበ አይደለም። እኔ የምመክርዎት፣ ከሚቀጥለው ሙከራ በፊት የባለቤትዎ ዘር ዲኤንኤ ስብራት እንዳለበት እንዲመረመርና የሁለታችሁም የክሮሞዞም ምርመራ እንዲደረግ ሐኪምዎን እንዲጠይቁ ነው። ሚቶኮንድሪያን ከመውቀስ በፊት እነዚህ መታየት አለባቸው።